ከበሩ የሚታይ መንገድ

ሦስቱ ሰዎች በሩን አላንኳኩም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ቢያንኳኩማ ተሻለች ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበርና ሮጣ በወጣች። እነሱ ግን እሑድ ነው፣ ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ ተከራይቶ ይኖራል፣ ሰው ከእንቅልፉ አንቀስቅስ ብለው፣ የኅዳር ብርድም ስለ ነበር ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ከቆርቆሮው አጥር ሥር ዝም ብለው ቆሙ። መብራት ከማታ ጀምሮ ጠፍቶ ስላደረ፣ ደርሰናል ብለው የደወሉበት የተሻለች ስልክ ዝግ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ለቅዳሴ ሊወጡ መቀርቀሪያውን ሳብ ሲያደርጉ አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ፊት ለፊታቸው ቆመው አዩ። ሽማግሌው ከአክብሮት የተነሣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ደህና አደሩ እናቴ? ተሻለችን ፈልገን ነበር» አሉ። በጎሕ፣ ሳያንኳኩ፣ ሦስት ሆነው መጥተው እናትን ትተው ልጅ የሚያስጠሩ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ የለም። ወይዘሮ ሙሉብርሃን አንድም ቃል አልጠየቁም። «ኪሩዬ» ብለው ጮኹና ደፉ ላይ ወደቁ።

ኪሩ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጥቷል፤ ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሦስቱ ሰዎች ግን ኪሩን በስሙም አያውቁት። ሽማግሌው ጋሽ መርጋ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ሑስና ጅዳ ስትሠራ ኖራ የስኳር በሽታ ይዛ የተመለሰች፣ ሐኪም «መድኃኒትሽ እግርሽ ነው» ያላት ሴት ናት። ደራርቱ ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። አራተኛዋ ራሷ ተሻለች ነች። ሳይነጋ አስፋልቱ ዳር ይገናኛሉ፤ ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ የጋሪ ፈረሶች ገና ሲጠመዱ፣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ወደ ቆሙበት ጋራ ሽቅብ ይራመዳሉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሥራ እንዳይረፍድባቸው ብለው ይመለሳሉ። በዚያ እሑድ ግን ቆቃ ወርደው ሐይቁን ዳር ዳሩን ቀኑን ሙሉ ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር፤ ሲያልፉም ከበሯ ሆነው ደውለው ሊወስዷት ነበር። ተሻለች ከአቦምሳ አዳማ የገባችው በልጅነቷ ነው፤ አሁን ሠላሳን አልፋለች፤ ቆቃን ግን አይታ አታውቅም። ሁልጊዜ «ቅርብ ነው፣ የት ይሄዳል» እየተባለ የቀረ ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቧ ውኃው ዳር ስትሄድ ነበር የሰነበተችው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ክፉ ነገር ኖሮባቸው አይደለም። የምትኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ የሷና የእናቷ አልጋ በመጋረጃ ይለያያል፤ አንዷ ብትገላበጥ ሌላዋ ትነቃለች። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። የምትሠራበት ሱቅ ደግሞ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ከጧት እስከ ማታ ቆማ የመጋረጃ ጨርቅ ትለካለች፣ ሜትሩ ስድስት መቶ ነው፣ አይቀንስም ትላለች፣ ስትወጣ ጨልሞ ይጠብቃታል። በሁለቱ መካከል ያለችው የማለዳ ሰዓት ብቻ የሷ ነበረች። ሰዎቹን ቤት ብታመጣቸው የማን ልጆች ናቸው፣ ሃይማኖታቸው ምንድን ነው፣ ሽማግሌውስ ምንሽ ናቸው መባሏ አይቀርም። ታላቅ ወንድሟ ኪዳነወልድ፣ ለብቻዋ የምትሄድ መስሎት እንኳ፣ ሴት ልጅ በጎሕ ሱሪ አጥልቃ አስፋልት ለአስፋልት ምን ትፈልጋለች ማለቱን ትቶ አያውቅም። የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነውና መልስ አትሰጠውም። መሄዷን ግን አልተወችም።

ጩኸቱ ሲሰማ ግቢው በአንዴ ተነሣ። ተሻለች ስትደርስ እናቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ጋሽ መርጋ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ደርቀው ቆመዋል፣ ደራርቱ በድንጋጤ አማርኛው ጠፍቷት «ማል ታኤ? ማል ታኤ?» እያለች ምን እንደ ሆነ ትጠይቃለች፣ ሑስና እናትየውን ልትደግፍ ጎንበስ ብላ አብራ ታለቅሳለች። ነገሩን ያበላሸው የሑስና እንባ ነው። ሰው ሲያለቅስ እያየች ራሷን መያዝ የማትችል ሴት ናት፤ ጎረቤቱ ግን እንባዋን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። ተሻለች ጓደኞቼ ናቸው፣ ሽርሽር ልንሄድ ነው፣ ሌላ ምንም የለም ብትል ማን ይስማት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የደረሰች አንዲት ጎረቤት እጇን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻትና «እሺ፣ ለእናትሽ አትንገሪ። ለኔ ግን ንገሪኝ፣ እኔ እችለዋለሁ» አለቻት።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ አብተው ጥሩምባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ደረሱ። ሁለት ጎረምሶች ከእድሩ ቤት አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ተከተሏቸው። የሞተ ሰው የለም ሲባሉ ጋሽ አብተው ተቆጡ። «ታዲያ ሰዉን ምን ብዬ ልመልሰው? ሁለት ሰፈር ሰምቶ እየመጣ ነው። ያልሞተ ሰው ብዬ ልንፋ?» አሉ። አንድ ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሆኖም አግዳሚው ተዘረጋ፣ የመጣውም ተቀመጠ። ለለቅሶ የተነሣ ሰው እውነቱ ሳይለይለት አይመለስም፤ እውነቱ ሲነገረውም ቶሎ አያምንም።

ክፉው ነገር ወይዘሮ ሙሉብርሃን አለማመናቸው ነበር። ኪዳነወልድ ሚስቱን ማርቲን ይዞ በባጃጅ ደረሰ፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ነገሩን ከተረዳ በኋላ እናቱ ፊት ተንበርክኮ በሥላሴ ስም ማለ። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«በአባታችሁ ጊዜም ምለህልኛል» አሉ ቀስ ብለው።

እውነታቸውን ነው። ባላቸው አዳማ ላይ ሲሞቱ እሳቸው አቦምሳ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። ትንሽ አሞት ነው ብሎ ምሎ በመኪና ያመጣቸው ኪዳነወልድ ራሱ ነው። መንገዱን ሁሉ ሲቀልድ መጣ፤ ሙዝ ገዝቶ አበላቸው፤ እንዳይጠራጠሩ ብሎ ዘፈን ሁሉ ከፍቶ ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ድንኳኑን አዩ። በዚያ ማንም አልወቀሰውም፣ እንዲያውም ጥሩ አድርጎ አመጣቸው ተብሎ ተመስግኗል። መርዶ በብልሃት ነው የሚነገረው። ዛሬ ግን ያ ብልሃት አፉን ዘጋው፤ ቢምል፣ ቢስቅ፣ ቢቆጣ፣ ሁሉንም ያን ጊዜ አድርጎታል።

ኪሩ ስልክ ላይ ተደወለ። ኪዳነወልድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሰማ። አንዲት ሴት በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረችና ተቋረጠ። ወይዘሮ ሙሉብርሃን ከግድግዳው ዞር ብለው ሴትየዋ ምን እንዳለች ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሑስናን አያት።

«ስልኩ ዝግ ነው ነው ያለችው፣ እማማ» አለች ሑስና። «ሌላ ምንም አላለችም።»

«ይቺም ታውቃለች» አሉ እናትየው፣ ተመልሰውም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ረፋዱ ላይ ተሻለች ውኃ ልትቀዳ ጓዳ ገብታ ሳለ ኪዳነወልድና ማርቲ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማች። ማርቲ አጋጣሚ ነው፣ ልጅቷን አትጫናት ትለዋለች። እሱ ግን ቤቱን ተሸክሜ የምኖረው እኔ፣ ሽርሽር የሚያምራት እሷ፣ እናቴ የምትሞተው በዚህ ከሆነ ጉድ ነው ይላል። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ ተሻለች መጣ። ጧት በሀፍረት አውልቃ አልጋ ሥር የወሸቀችውን የስፖርት ጫማ አወጣና ወንበር ላይ ወጥቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌ ሻንጣዎች ኋላ አስቀመጠው። ድምፁን እንኳ ሳያነሣ ይሄ ከእንግዲህ አይወርድም አላት። ከዚያ የሰዉ ማጉረምረም ወደሚሰማበት ደጅ ወጣ። ተሻለች ጀሪካኑን እንደያዘች ቀና ብላ አየች። የጋራው ቀይ አፈር ከጫማው ሶል ላይ አልረገፈም። በዚያች ሰዓት ያሳዘናት ኪሩ አልነበረም፤ እናቷም አልነበሩም። ውኃው ነበር፤ ዛሬ ልታየው የነበረው። ይህን ሐሳቧን ስታውቀው ደነገጠች፤ ፊቷን ታጠበችና ወጣች።

ለቅሶ ይሁን አይሁን ያልለየለት ቀን ረጅም ነው። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፤ አንዱ ከመጠን በላይ ጮክ ሲል ሌላው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል፤ ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብሎ። ሴቶቹ ስለ ኪሩ «ነበር» ይሉና «ነው» ብለው ያርማሉ። ጋሽ መርጋ መሄድም መቅረትም ስላስነወራቸው የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የተቀመጡት ጋሽ አብተው ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በየማለዳው ያን ጋራ የምትወጡት ምን አላችሁ እዚያ ብለው ጠየቁ። ጋሽ መርጋ ምንም የለንም አሏቸው። ምንም ከሌላችሁ ወጥታችሁ ምን ታደርጋላችሁ አሉ ጋሽ አብተው። «እንወርዳለን» አሉ ጋሽ መርጋ። ጋሽ አብተው ነገሩን አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን እህል አልቀመሱም። ደም ብዛት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን በባዶ ሆድ መዋጥ አይችሉም። ማርቲ ሽሮ ሠርታ አቀረበች፣ አልነኩትም። ጎረቤት ወጥ አመጣ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ሰው በለመናቸው ቁጥር የለመናቸው ሰው ቸርነት ራሱ መርዶ ይሆንባቸዋል። ከንፈራቸው ደረቀ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ኪዳነወልድ ሆስፒታል እንውሰዳት እያለ ከሰው ጋር ሲማከር፣ እናትየው ተሻለችን ጠሩ። ተሻለች መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«የት ነበር የምትሄጂው?» አሏት።

«ቆቃ፣ እማዬ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልራመድ። ውኃውንም ላይ።»

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ትክ ብለው አዩዋት። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ወሬውን አቆመ። «እኔ መሐላ አይቻለሁ፣ ሳቅም አይቻለሁ፣ ሁሉን አይቻለሁ» አሉ። «ወንድሟ ሞቶ፣ ሰው ለለቅሶ ተቀምጦ እያየ፣ ሱሪ አጥልቃ ሽርሽር የወጣች እኅት ግን አላየሁም። እንዲህ ያለው ነውር ለብልሃት እንኳ አይሠራም። ኪሩ ካልሞተ ሂጂ።»

«አሁን?»

«አሁን። ቆቃ አይደለም፣ እዚያ አላይሽም። በዚያ በጋራው መንገድ ሂጂ፤ ከበሩ ሆኜ አይሻለሁ። ጥቁሩን እንዳትለብሺ። ቀዩን ጃኬትሽን።»

ተሻለች ወደ ወንድሟ አየች። ኪዳነወልድ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየ፤ ቀጥሎ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ። ወንበሩ ሲጎተት ተሰማ። ጫማውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዶ፣ አቧራውን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ለወጠች። ቀዩን ጃኬት ከቦንዳ ተራ የገዛችው አምና ነው፤ ዚፑን እስክትቆልፈው ሦስት ጊዜ አመለጣት። ቀኑን ሙሉ ኪሩ አለመሞቱን አንድም ጊዜ አልተጠራጠረችም ነበር፤ ሰዎቹን የጠራቻቸው እሷ ናትና። አሁን ግን ሂጂ ስትባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞቶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ከፋሲካ ወዲህ ማን ሰማው? እነዚህ ሦስቱ ሳያውቁ የእውነት መርዶ ይዘው መጥተው ቢሆንስ? ሐሳቡን ረግጣ ወጣች።

በአግዳሚዎቹ መካከል ማለፍ ነበረባት። ወንዶቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። አንዲት አሮጊት አማተቡ፤ ሌላዋ ፊታቸውን አዞሩ። ሱሪዋ ሲፋተግ የሚያሰማው ድምፅ ግቢውን የሞላው መሰላት። በሩ ላይ ስትደርስ ሑስና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ተከተለቻት፤ ብቻሽን አትሄጂም አለቻት። ጋሽ መርጋ ደግሞ አንድ ወንበር አንሥተው ከደጅ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር አስቀመጡና ለወይዘሮ ሙሉብርሃን እጃቸውን ዘረጉ። «ኑ እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ። ዓይኔ ደህና ነው፣ የደረሰችበትን እያሳየሁ እነግርዎታለሁ» አሏቸው።

የስምንት ሰዓት የአዳማ ፀሐይ አናት ይበሳል። ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ እስኪጀምር ድረስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሄዱ። ባጃጅ ነጂዎች ጡሩምባ እየነፉላቸው ያልፋሉ፤ በእንጨት የተደገፈ ያላለቀ ፎቅ ላይ ያሉ ሠራተኞች ከላይ ሆነው ያፏጫሉ። ተሻለች ዞር አላለችም። ጀርባዋ ላይ የእናቷን ዓይን ትሰማዋለች፤ ቀስ ብትል ኀዘን ይመስላል፣ ብትፈጥን ሽሽት ይመስላል። እንዴት መሄድ እንዳለባት ጠፋት። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በኋላ ግን ግራሮቹ መጡ፤ ነፋሱም መጣ፤ የታጨደው የጤፍ ማሳ ሽታም መጣ። እግሯም ሳታዘው የራሱን አካሄድ ያዘ። ትንፋሿ ተስተካከለ። ላቧ ወረደ፣ ነፋሱ አበረደው። ሰውነቷ ደስ አለው። እንዲህ ባለ ቀን ደስ ማለቱ አሳፈራት፣ ቢሆንም ደስ አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ የቆመ ጉልበት ነው፣ የማን ቤት ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ግማሽ መንገዱን አለፉ። ሁልጊዜ የሚመለሱበትን ድንጋይ አለፉት። የነፋስ ማመንጫዎቹ ሥር ሲደርሱ ክንፎቹ ከራሳቸው በላይ እያጓሩ ይዞራሉ፤ መሬቱ ላይ ጥላቸው እየመጣ ይሄዳል። ሑስና መሬት ላይ ተቀምጣ የውኃ ፕላስቲኳን ከፈተች፤ በአገጯም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደቡብ ገደማ አመለከተች።

«ያውልሽ» አለች። «ቆቃ።»

ተሻለች መጀመሪያ ሰማይ መስሏት ነበር። ከሜዳው ወዲያ፣ ጭሱም አቧራውም ካለቀበት፣ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ተጋድሟል። እንደ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ ዝም ብሎ ያበራል። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነገር አለ፤ ሸምበቆ ይሁን እምቦጭ ከዚህ አይለይም። እዚያ ዳር ላይ የሚሄድ ሰው ከዚህ አይታይም፤ ቀይ ቢለብስም፣ ማንም ይሁን ማን። ተሻለች ይህን አሰበች። ሑስና በሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን፣ ዓሣ ጥብስም እኔ እጋብዛለሁ አለቻት። ተሻለች ወደዚያኛው ወገን ዞረች፤ ከታች ከተማው በቆርቆሮ ተንጣሎ ያብለጨልጫል። ቤታቸውን በአጠገቡ ካለው የውኃ ታንከር ለየችው። በሩ ላይ አንድ ነጭ ነገር አለ፤ ነጠላ ነው። እጇን አነሣችና ከፍ አድርጋ አውለበለበች። ነጩ ነገር አልተንቀሳቀሰም። እጇ እስኪዝል ድረስ አውለበለበች።

ሲወርዱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጎረምሶቹ አግዳሚውን ተሸክመው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟቸው። ጋሽ አብተውም ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከኋላ ይከተላሉ፤ ተሻለችን ሲያዩ ቆሙና እግዜር ይስጥሽ አሏት። ጋሽ መርጋ ከበሩ አልተነሡም ነበር። ቀዩ ጃኬት ጋራው አናት ላይ ሲታይ እናትሽ «ያቻት» አሉና ውኃ ጠየቁ ብለው ነገሯት። ከዚያ ደራርቱን ይዘው፣ ሑስናን ቀላቅለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሄዱ።

ቤት ውስጥ የቀረው የቤተሰቡ ሰው ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሙሉብርሃን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሽሮውን ይበላሉ፤ ጉርሻቸው ትንንሽ ነው፣ ግን ይበላሉ። ማርቲ መድኃኒቱን በመዳፏ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ተሻለች ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ምን አየሽ አላሏትም፤ ደከመሽ ወይም አላሏትም።

«ነገስ?» አሏት።

ነገ ሰኞ ነው። ተሻለች ሥራ አለኝ ልትል አፏን ከፈተች። የእናቷ እጅ ትሪው ላይ ቆመ፤ ጉርሻው እንደ ተጠቀለለ ሳይነሣ ቀረ። ማርቲ ወደ ተሻለች አየች።

«እወጣለሁ» አለች ተሻለች።

«በጨለማ አይሁን። በጨለማ አይታየኝም። ፀሐይ ስትወጣ ሂጂ፣ ቀዩንም ልበሺ።»

«እሺ እማዬ።»

እጁ ተነሣ። ወይዘሮ ሙሉብርሃን ጎረሱ፣ መድኃኒታቸውንም ዋጡ፣ ውኃም ጠጡበት። ኪዳነወልድ ከውጭ ጀሪካን ይዞ ገባና እጇን እንድትታጠብ ውኃ ያፈስላት ጀመር፤ ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ አድርጎላት አያውቅም። ጎንበስ እንዳለ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ለሱቁ ባለቤት እኔ እናገራለሁ፣ ትንሽ አርፍደሽ ትገቢያለሽ፣ ኪሩ እስኪደውል ድረስ ነው አላት።

«ባይደውልስ?» አለችው።

ኪዳነወልድ ውኃውን ማፍሰሱን አቆመ። ከትከሻው በላይ ዞር ብሎ ወደ አልጋው አየ።

«ቀስ በይ» አላት። «ትሰማለች።»